የአራተኛው ገጽ ንቦች

አብርሆት ቢሻውን የማውቃት መፍራት ሳትጀምር ነው። መፍራት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እኔ በዛወርቅ፣ ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ያለኝ። ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ራሴ ልናገር ብዬ ነው። ደግሞ አታቋርጡኝ፤ ነገር ጀምሬ ሲያቋርጡኝ አልወድም።

ልጅቷ የሺሺንዳ ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ቢሻው ትንሽ ቡና፣ ብዙ ቀፎ ያላቸው ሰው ናቸው። ቀፎ የሚሰቅሉት ደግሞ እኔ ቀና ብዬ ሳየው ብቻ ራሴን የሚያዞረኝ ዛፍ ላይ ነው። መሰናዶ ቦንጋ ስትገባ ከግቢያችን አንዷን ክፍል ተከራይታ መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ ልጅ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቄ ትገባና ኮምፒውተሩ ሥራ ከፈታ ቁጭ ትላለች። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ፈንጂ የሚፈለግበት ጨዋታ ነበረ፤ ሳጥኗን ስትነኳት ወይ ቁጥር ይወጣል ወይ ሁሉም ነገር ይፈነዳል። እኔ ስንት ዓመት ስነካካው ኖሬ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እሷ በሦስተኛው ቀን ገባት። በአራተኛው ቀን ዞር ብላ፦

«እትዬ በዛወርቅ፣ ይሄን ማን ነው የሠራው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ፈረንጅ ነዋ!»

«ፈረንጁ ፈንጂው የት እንዳለ ያውቃል?»

«ራሱ ቀብሮት እንዴት አያውቅም?»

«አያውቅም። የሚቀብረው ኮምፒውተሩ ነው። እሱ ሕጉን ብቻ ነው የጻፈው» አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ከሱቄ ሦስት በር አልፎ ማሙሽ የሚባል ነገረኛ ሰውዬ የከፈተው ጌም ቤት ነበር። ወንዶቹ ቀኑን ሙሉ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ጩኸታቸው እኔ ጋ ይሰማል። እሷ በሩ ላይ ቆማ የቴሌቪዥኑን መስኮት ትታ የልጆቹን ፊት ታያለች፣ በደብተሯም ትጽፋለች። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ይላል?» ብላት፣ «መቼ እንደሚጮሁ እየመዘገብኩ ነው» አለችኝ። ማሙሽ ለካ ከገቢዎች የተላከች መስሎት ሁለት ቀን ቤቱን ዘግቶ ጠፍቷል! በኛ አገር ደብተር ይዞ የቆመ ሰው ሁሉ ያስፈራል። እሷ ግን የሚያስፈራ ነገር መሥራቷ ራሱ አልገባትም ነበር፤ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በ2006 ዓ.ም. ጅማ ኮምፒውተር ሳይንስ ደረሳት። በየእረፍቱ ስትመጣ የምታወራኝ ስለ ጌም ብቻ ነው። እዚያ ጌም መሥራት የሚባል ትምህርት የለም አለች፤ እሷው ከኢንተርኔት እያወረደች፣ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብላ ትማራለች። አንዲት ንብ ክንፏን እንድታርገበግብ ስድስት ሥዕል መሣል እንዳለባት፣ የጨዋታው ሰውዬ ሲዘል መሬቱን አልፎ እንዳይሰምጥ ምን ያህል ሒሳብ እንዳለው ትነግረኛለች። እኔ እሺ እሺ እላለሁ። አንድ ቀን ግን ያለችኝ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«እትዬ፣ ጌም ማለት እኮ ፍርሃትን መስፈር ነው። ፍርሃቱ ከበዛ ተጫዋቹ ጥሎት ይሄዳል፤ ካነሰ ይሰለቸዋል። ልኩን ማግኘት ነው ሥራው።»

የመመረቂያ ዓመቷ ሲደርስ ጓደኞቿ ሁሉ በቡድን በቡድን ሆነው የንብረት መመዝገቢያ፣ የተማሪ መመዝገቢያ የሚባል ነገር ሊሠሩ ተመደቡ። እሷ ጌም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። አማካሪዋ «ብቻሽን ትችይዋለሽ? እንግዲያው ሰነዱን በደንብ ጽፈሽ አምጪ» አሏት። እሷም ጻፈች። ጨዋታው አማርኛ ስለሚናገር ሰነዱንም መጀመሪያ በአማርኛ ጻፈችው።

የካቲት 2009 በሴሚስተር እረፍት መጥታ ጨዋታውን እኔው ኮምፒውተር ላይ ከፈተችልኝ። የማርያም ያለህ! ዛፉ የጋሽ ቢሻው ዛፍ ነው። ሰውዬው ራሱ ጋሽ ቢሻው ናቸው፤ ገመዳቸው፣ ጭስ የሚያጨሱበት እቃቸው፣ ጎንበስ የሚሉት ነገር እንኳ አልቀረም። የጨዋታው ደረጃዎች በኛ ከተሞች ስም ናቸው፤ ሺሺንዳ ይጀምራሉ፣ ዋጫ ላይ ይከብዳል፣ ቦንጋ ላይ ያልቃል። ቅርንጫፍ ሲሰበር ጮህኩ፣ ንብ ሲመጣ ወንበሩን ገፍቼ ተነሣሁ። አብርሆት ጨዋታውን ትታ የእኔን ፊት ነበር የምታየው። «ልክ ነው» አለች፤ «እዚህ ጋ መጮህ ነበረብዎት።»

አሁን ለማያውቅ ሰው ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ ያኔ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ አራት ወር አልፎት ነበር። ምን እንደተከለከለ በትክክል የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ሰዉ ሁሉንም ነገር በራሱ ላይ ከለከለ። ሁለተኛ፣ በኛ አገር ንብ ሁለት ነው። አንዱ ማር የሚሠራው ነው። ሌላው በምርጫ ወረቀት ላይ፣ በኮፍያና በካናቴራ ላይ ያለው፣ የገዢው ፓርቲ ምልክት ነው። አውራም እንደዚያው ነው፤ የንብ አውራ አለ፣ ራዲዮኑ ጠዋት ማታ የሚያወራለት «አውራ ፓርቲ» ደግሞ አለ። በካፋ ምድር ያደገች የማር ቆራጭ ልጅ የምታውቀው አንደኛውን ነው። እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ።

ባለቤቴ ሀብተ ማርያም አስተማሪ ነው። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ቦርሳው ውስጥ አንዲት የተባዛች ወረቀት ተገኝታ ወሰዱት። አርባ ሁለት ቀን! ወረቀቷ የእሱ አልነበረችም፤ አንድ ተማሪ ከፈተና ጋር ደርቦ የሰጠው ናት። ሲመለስ የድሮው ሰው አልነበረም። ተጫዋች፣ ሳቂታ፣ ሙግት ወዳድ ሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ እጁ ላይ ያለውን ነገር ቁጭ አድርጎ ነው የሚነሳው። እኔ ወረቀት የምፈራው ለዚህ ነው። ወረቀት እያባዛሁ እየኖርኩ ወረቀት እፈራለሁ፤ ምን ይደረግ!

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አብርሆት ፍላሿን ይዛ እየሮጠች መጣች። ሺሺንዳ አባቷን ልታይ ልትሄድ ነው፣ ሚኒባሱ ሞልቶ ጡሩንባ እየነፋ ነው።

«እትዬ፣ ሰነዱን አትመው ይጠብቁኝ፤ ስምንት ገጽ ነው። ፍላሿን ግን አደራ! ላፕቶፑ የጓደኛዬ ነበር፣ መልሼላታለሁ፣ ጠርጋዋለች። ጨዋታውም ሰነዱም፣ ሥራዬ በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ስመለስ ሌላ ቅጂ እናወጣለታለን።»

«ሂጂ ወዲያ! ቅጂ ማውጣት እኮ እንጀራዬ ነው» ብዬ ሳቅሁባት። እሷም ሳቀችና ሮጠች።

እኔ ጽሑፍ ሳይ አላነብም። ሃያ ዓመት የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ክስ፣ የሰው ሠርግ ስጽፍ ስለኖርኩ በዓይኔ ያልፋል እንጂ ልቤ አይገባም። ያን ቀን ግን አራተኛው ገጽ ላይ ማሽኑ ወረቀቱን ጎረሰው። ስስበው ተቀደደ፣ እንደገና አተምኩት፣ ቀለሙ ደህና መሆኑን ለማየት ወደ መስኮት አስጠጋሁት። እንዲህ ይላል፦

«ቦንጋ። እዚህ ላይ ጠላት በቁጥር ብዙ ነው። ንቦቹ በመጀመሪያ በጭስ ይዳከማሉ። ቀጥሎ አውራውን መያዝ። አውራው ሲያዝ ንቦቹ ይበተናሉ። ድል።»

ክው አልኩ! አምላኬ፣ ምንድነው ያተምኩት? ሌሎቹን ገጾች አነሳሁ። «ጠላት፦ ንብ። መሣሪያ፦ ጭስና እሳት። ተጫዋቹ ሦስት ነፍስ አለው።» ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ጮኼበታለሁ። ግን አራተኛው ገጽ ላይ ጨዋታ የሚል ቃል የለም፣ ተጫዋች የሚል ቃል የለም፣ ዛፍ የለም፣ ማር የለም። ቦንጋ ብቻ ነው ያለው፣ ንብና አውራ ብቻ። ያቺን ገጽ ብቻዋን ያነበበ ሰው ምን ይላል?

በዚያው ሰዓት ጋሽ ከፈለኝ ገቡ። ጋሽ ከፈለኝ የዋጫ ሰው ናቸው፣ ቦንጋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፣ ሳምንት በሳምንት የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያስባዛሉ። ያቺ ቢጫ ኮፍያቸው ራሳቸው ላይ ናት፤ ፊት ለፊቷ ላይ ደግሞ ንብ። እኔን የምታየኝ መሰለኝ። አራተኛውን ገጽ ገልብጬ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩት፣ ሌሎቹን መሳቢያ ከተትኩ።

«በዛወርቅ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ዐመድ መስሏል እኮ» አሉ።

«ጨጓራዬ ነው ጋሽ ከፈለኝ። ሲነሣብኝ እንደዚህ ያደርገኛል።»

«ማር በባዶ ሆድ ውሰጂለት። ፍቱን ነው።»

ማር ሲሉ ዓይኔ ኮፍያቸው ላይ ወዳለችው ንብ ሄደ። ቃለ ጉባኤያቸውን አባዛሁ፣ ደረደርኩ፣ በስቴፕለር መታሁ፣ አስረከብኩ። አመስግነው ወጡ። ወንበር ላይ ዝርፍጥ አልኩ። ትንሽ ቆይቼ የልጅቷን ወረቀት ልሰበስብ ብነሳ ማሽኑ ላይ ምንም የለም። መሳቢያ ውስጥ ቆጠርኩ፤ ሰባት። እንደገና ቆጠርኩ፤ ሰባት። ማሽኑን ገፋሁ፣ የቆሻሻውን ቅርጫት ደፋሁ፣ ምንጣፉን ገለበጥኩ። ከዚያ ገባኝ። አራተኛውን ገጽ ቃለ ጉባኤው መሃል ጨምሬ፣ በገዛ እጄ በስቴፕለር መትቼ፣ ራሱ ላይ ንብ ላደረገ ሰው ሰጥቼዋለሁ።

ሮጬ ልከተላቸው? ምን ብዬ? «ጋሽ ከፈለኝ፣ ስለ ንብ የተጻፈች ወረቀት ይዘው ሄደዋል ወይ?» ብዬ? መጠየቁ ራሱ መናዘዝ ነው! ዝም ብልስ? ስብሰባው ላይ ገልጠው ያነቧታል። ማን ጋ እንደተባዛ ማንም ያውቃል፤ በከተማው ያለነው ሁለት ሦስት ብንሆን ነው። መጥተው ኮምፒውተሬን ይከፍታሉ፣ መሳቢያዬን ይከፍታሉ። የልጅቷ ስም ከነመታወቂያ ቁጥሯ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ሀብተ ማርያምን ደግሞ ያውቁታል። አንድ ጊዜ የታሰረ ሰው ሁልጊዜ ይታወቃል።

በሩን ዘግቼ ጓሮ ወጣሁ። ሰባቱን ገጽ፣ ማሽኑ ከቀደዳት ወረቀት ጋር፣ ከሰል ማንደጃው ላይ አቃጠልኩ። ዐመዱን በእግሬ አሸሁት። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን ሰረዝኩ። ከዚያ ፍላሿ እጄ ላይ ቀረች። ቀይ፣ ጫፏ ላይ ክር የታሰረባት ትንሽዬ ፍላሽ። ዛሬ ሳስበው የምደብቅበት ሃያ ቦታ ይታየኛል፤ እህል ውስጥ፣ ትራስ ውስጥ፣ ከአጥሩ ሥር። ያን ቀን አንድም አልታየኝም። የታየኝ ሀብተ ማርያም ብቻ ነው፣ ሲወስዱት ነጠላ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ። ሽንት ቤት ገባሁና ፍላሿን ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኳት።

ለምሳ ሀብተ ማርያም ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። ጉርሻውን ሳይውጥ ሰማኝ።

«ወረቀቱን ማቃጠልሽ ደግ ነው» አለ። ቀጥሎ ዝግ ብሎ «ፍላሹስ?» አለኝ።

«ጣልኩት።»

«የልጅቷ ሥራ ሌላ ቦታ አለ?»

ወጥ ልጨምርለት ድስቱን አነሳሁ። ምግቡን ትቶ ተነሥቶ እጁን ታጠበ።

ሦስት ቀን እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም፣ እግዜር ለጠላቴም አይስጠው። ባጃጅ ሱቄ ፊት በቆመ ቁጥር ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ስልክ ሲጠራ አላነሳም። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ከፈለኝ ከመንገዱ ማዶ ሲያልፉ አየኋቸው። ሁልጊዜ «በዛወርቅ፣ እንዴት አደርሽ!» ብለው ከሩቅ የሚጮሁ ሰው ያን ቀን አዩኝ፣ ፊታቸውን መለሱ፣ እርምጃቸውን አፈጠኑ። አለቀልኝ አልኩ። አንብበዋታል! ሰላምታ የነፈጉኝ ለዚህ ነው አልኩ።

ዓርብ አብርሆት ከሺሺንዳ ተመለሰች። አባቷ የላኩልኝን አንድ ጣሳ ማር ይዛ፣ እየሳቀች። በሩን ዘግቼ ጓሮ ወሰድኳትና ነገርኳት። አልቀባባሁም፤ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ነገርኳት። ፍላሿ የት እንደገባች ስነግራት ትጮሃለች ብዬ ነበር። የዓመት ሥራዋ ነው! በፀጉሬ ብትይዘኝ፣ ብትረግመኝ፣ ማሩን ፊቴ ላይ ብትደፋው ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ በሹክሹክታ፦

«ማን አየው?» አለች።

«ጋሽ ከፈለኝ ብቻ። ይመስለኛል።»

«ስሜ አራተኛው ገጽ ላይ አለ?»

«የለም። የመጀመሪያው ላይ ነበር፣ እሱን አቃጥዬዋለሁ።»

ዓይን ዓይን የምታይ ልጅ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ንብና አውራ የሚሉት ቃላት ሌላ ነገር መሆናቸው ያኔ ነው የገባት፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ገጹን በቃሏ እየደገመች እንደሆነ አወቅሁ። ቀና አለችና፦

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ደህና አደረጉ» አለችኝ።

አመሰገነችኝ! ሥራዋን ሽንት ቤት የጨመርኩባትን ሴትዮ አመሰገነች! አባቷ እንዳይሰሙ ብላ ለመነችኝ፣ በነጋታው ጅማ ሄደች። በኋላ እንደሰማሁት ለአማካሪዋ ጌሙ ከበደኝ አለቻቸው፣ አንዱ የንብረት መመዝገቢያ የሚሠራ ቡድን ውስጥ ገባች፣ በዚያው ተመረቀች። ጥሩ ውጤት ነው ያመጣችው። ጓደኞቿ ስለ ጌሙ ሲጠይቋት ወሬ ትቀይራለች አሉ።

ግንቦት ላይ ጋሽ ቢሻው ለገበያ መጥተው ሱቄ ጎራ አሉ። አማርኛቸው ከካፊኖኖ በኋላ የተማሩት ስለሆነ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጉታል።

«በዛወርቅ፣ ያቺ ሰውዬ ዛፉን ወጣች ወይ? ልጄ ሥላኛለች አለችኝ እኮ» አሉኝ እየሳቁ።

«ወጥቷል ጋሽ ቢሻው። ጫፍ ደርሷል» አልኳቸው። ከሄዱ በኋላ ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ።

ክረምቱ ገባ። ማንም አልመጣም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አዋጁ ተነሣ ተባለ። መስከረም 2010 ላይ፣ ዝናቡ ገና ጠብ ጠብ እያለ፣ ጋሽ ከፈለኝ ሱቄ ገቡ። ኮፍያ አላደረጉም። በሩን መለስ አደረጉ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አራት ላይ የታጠፈች ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ላብ ያደከማት፣ ጠርዟ የተበላ፣ አራተኛው ገጽ ናት።

«ይቺ ካንቺ ቤት ነው የመጣችው?» አሉ።

እኔ ሥራ እንዳለው ሰው ዞሬ ማሽኑን አበራሁ።

«ተዪው፣ አትመልሺልኝ» አሉ። «ሰባት ወር ከፍራሼ ሥር ነበረች። ቃለ ጉባኤው መሃል ሳገኛት አንድ ሰው ሊፈትነኝ ብሎ ያስገባት መሰለኝ። ከፈለኝ አይቶ ሪፖርት ያደርጋል ወይስ ይደብቃል? ብለው። ሪፖርት ባደርግ የማንን ልጅ እንደማስበላ አላውቅም። ባልናገር ደግሞ እኔው ነኝ። አንቺን እንኳ ሰላም ልልሽ ፈራሁ። ሚስቴ ዘነበች አቃጥላት፣ አቃጥላት ስትለኝ ከረመች።»

«ታዲያ ለምን አላቃጠሏትም?» አልኳቸው።

ጋሽ ከፈለኝ አፈሩ። የትልቅ ሰው እፍረት ታውቁ የለ? ወረቀቷን ዘርግተው በጣታቸው አሳዩኝ። ከጽሑፉ ግርጌ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በደቃቅ ጽሕፈት የተጻፈ ነገር አለ።

«ክብሪት ጭሬ ነበር» አሉ። «ግን ሳነባት ስህተት አለባት። እኔ ዋጫ ሳለሁ ከአባቴ ጋር ቀፎ ስሰቅል ነው ያደግሁት። ስህተቷን ዓይቼ ዝም ብዬ ላቃጥላት አልሆነልኝም።»

ያረሙት እንዲህ ይላል፦ «አውራው ሲያዝ ንቦቹ አይበተኑም። አውራው ወዳለበት ተከትለው ይመጣሉ። የሚበተኑት ጭሱ ሲበዛ ነው።»

እሳቸው ያዩት ማር የሚሠራውን ንብ ነው! ፈርተውም፣ ፍራሽ ሥር ደብቀውም፣ ያረሙት ንቡን ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ሰላምታ የነፈጉኝ ሊያስበሉኝ መስሎኝ! ሁለታችንም በአንዲት ወረቀት ሰባት ወር ስንንቀጠቀጥ ከርመናል። ልስቅ ብዬ አፌን ብከፍት ልቅሶ ወጣኝ። ጋሽ ከፈለኝ መሐረብ ሰጡኝና ማን እንደጻፈው ሳይጠይቁኝ ሄዱ።

አብርሆት ያኔ ቦንጋ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆና ተቀጥራ፣ ከኛ ግቢ ጀርባ ቤት ተከራይታ ነበር። በዚያው ቀን ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ ወረቀቷን ሰጠኋት። ቆማ አነበበቻት። ደገመቻት። ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ መታች።

«እውነታቸውን ነው! አባቴም ይሄንኑ ነው የሚለው። እንዴት ሳትኩት? የመጨረሻው ደረጃ ለምን እንደማያስፈራ አሁን ገባኝ እትዬ፤ ንቦቹ ወደ ተጫዋቹ መምጣት ነው ያለባቸው!» አለች። ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከየካቲት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

እንደገና ጀመረች። በዚያች ወረቀት ብቻ፣ የቀረውን ከራሷ እያወጣች። ወረቀቷን ግድግዳዋ ላይ ለጠፈቻት።

የካቲት 2010 ላይ ሌላ አዋጅ ታወጀ። ራዲዮኑን እንደሰማሁ ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ ወደሷ ሮጥኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ በሩ ክፍት ነው፣ እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ናት፣ ወረቀቷ ግድግዳው ላይ ናት። ከበር ላይ ትታያለች!

«አንቺ ልጅ፣ አንሺያት! አልሰማሽም እንዴ? አንሺያት በማርያም!» አልኳት እያለከለክሁ።

«ሰምቻለሁ» አለች። «እኔም እፈራለሁ እትዬ። በጣም እፈራለሁ። ግን ይቺ ስለ ንብ ናት።»

ተነሥታ ወረቀቷን አላነሳችም። መሳቢያዋን ከፍታ አንዲት ትንሽ ፍላሽ አወጣችና ወደኔ ዘረጋች።

«አንድ ቅጂ እርስዎ ጋ ይሁን።»

«እኔ ጋ? አብደሻል? እኔ ያደረግሁትን ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም። ሦስት ቅጂ አለኝ፤ አንዱ አባቴ ጋ ነው፣ አንዱ እኔ ጋ። ይቺ የእርስዎ ናት።» መዳፌን ከፍታ አስቀመጠችልኝ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። «አደራ» አለችኝ።

ፍላሿን ጨብጬ ወጣሁ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እጄን እጄን የሚያይ ይመስለኛል። የግቢያችንን በር ገፍቼ ገባሁ። ሽንት ቤቱ በግራ ነው። ቆምኩ። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቤቴ ገባሁ።